የግራዝማች መኪና መሪ የሰማ ዕለት

ውድ አንባቢዎቼ፣ «አንባቢዎቼ» ብዬ ስጽፍ ራሴው ሳቅ ይቀድመኛል። እስካሁን ያነበቡኝ አስተማሪያችንና የክፍል ጓደኞቼ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ብዕር ከያዝኩ ወዲህ እጄ አልቀመጥ ብሏል፤ ስለ ገብስ አጨዳ ጻፍኩ፣ ስለ ጉና ውርጭ ጻፍኩ፣ ተወደደልኝ፤ ደስታዬን የት ላግባው! ይኼኛውን ግን ጻፊ ያለኝ የለም። ይህን ትቼ ሌላውን ሁሉ ብጽፍ የዋሸሁ መሰለኝና ጀመርኩት። መጨረሻው ደስ አይልም፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባዬ የከተማውን የናፍጣ ወፍጮ ያንቀሳቅሳል። ሳያገባ በፊት ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ሠርቷልና፣ በአገሩ ብረት የሚባል ነገር ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው። ታላቅ እህቴ አስካለ ትባላለች። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አፏ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ እንደሷ ያለ ተረበኛ በጋይንት አልተወለደም። እኔን «ትርንጎ» ብላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «የኔ ቀለም» ነው የምትለኝ፤ ጣቴ ሁልጊዜ በቀለም ስለሚጨማለቅ። የእማዬ አባት አያ ካሳም ከእኛው ጋር ይኖራሉ። በጉልበታቸው ዘመን በቅሎ ጭነው ከእስቴ ስማዳ፣ ከስማዳ ጋይንት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ስለ መንገድ የእሳቸው ቃል በቤታችን የመጨረሻ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከወዴት እንደመጣ ያልታወቀ ውሻ ገበያው ዳር አስካለን እጇ ላይ ነከሳት። እግረ መንገዱን የጎረቤታችንን አህያ ነክሶ ጠፋ። አያቴ ጊዜ አላጠፉም፤ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወስደው ሥር አስበጥብጠው አጠጧት። ይህ መድኃኒት አንድ ትእዛዝ አለው፤ አገራችን ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። የጠጣ ሰው አርባ ቀን ሳይሞላው ወንዝ አይሻገርም። እግሩን ውሃ ከነካው መድኃኒቱ ይፈርሳል፣ የተኛው መርዝ ይነሣል ይባላል። አስካለ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሳትወርድ ቤት ቤቱን ስትል ቁስሏ ደረቀ። እኛም ረሳነው።

መስቀል እንዳለፈ አህያዋ አበደች። የታሰረችበትን ግንድ ስትነክስ፣ ለሃጯን ስታዝረከርክ፣ ውሃ ሲያቀርቡላት ወደ ኋላዋ ስትፈረጥጥ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ወድቃ ሞተች። አባዬ ወፍጮውን አጠፋና፣ ዱቄቱን እንኳ ከፊቱ ሳያራግፍ አስካለን ይዞ ወደ ክሊኒክ ሮጠ። እኔም ተከተልኩ።

ድሬሰሩ ጠባሳዋን አገላብጦ አየ። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

«ያገር መድኃኒት ጠጥታለች» አለ አባዬ።

«አቶ ሞላ፣ የዚህ መርፌ እኔ ዘንድ የለም። ደብረ ታቦር ውሰዳት፤ እዚያ ባይኖር ከጎንደር ያስመጡላታል። በሽታው ሳይነሣባት ከደረሰች ተስፋ አላት።» ከዚያ አስካለን ውጪ ጠብቂን አላት። ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃ መጠጣት ያቃታት ዕለት ግን እኔም፣ ደብረ ታቦርም፣ አዲስ አበባም የምናደርግላት የለም» አለ። እኔን ረስቶኝ ነው።

ቤት ገብተን አባዬ፣ «ነገ ጧት በበቅሎ እንወጣለን» አለ። ከባዱ የጭነት መኪና ክረምት የሸረሸረው መንገድ እስኪጠገን ወደ እኛ አይመጣም ነበር።

አያቴ ከመደቡ ሳይነሡ፣ «አርባዋ መች ሞላ?» አሉት።

«አባባ፣ አህያዋን አላዩም?»

«አየሁ። አህያዋ መድኃኒት ጠጥታ ነበር?»

አባዬ ፊቱ ላይ የቀረውን ዱቄት በክንዱ ጠረገ። አያቴ ቀጠሉ።

«ከዚህ እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ወንዝ እኔን ጠይቀኝ። በቅሎ ስትሻገር የተቀመጠባትን ሰው እስከ ጉልበቱ ትረጨዋለች። የያዘላትን መድኃኒት አፍርሰህ በገዛ እጅህ ልትገድላት ነው?»

«እንግዲያው በቃሬዛ ተሸክመን እናሻግራት።»

እማዬ ከጓዳ ጮኸች። «በእግሯ ለምትሄድ ልጅ ቃሬዛ! ሟርትህን ለራስህ!»

አባዬ ወደ አስካለ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ቀልድ ከአፏ የማይጠፋው እህቴ መሬት መሬት እያየች፣ «አባዬ፣ እኔ ውሃውን አልረግጥም። ፈራሁ» አለች።

አባዬ ተነሥቶ ወጣ፤ ደጃፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። «መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውሃ ነካው ይባላል?» ብሎ አያቴን ጠየቃቸው።

አያቴ ብዙ አሰቡ። «ጣና ላይ ከገዳም ገዳም በታንኳ የሚመላለሱ መነኮሳት እግራቸውን ውሃ አይነካውም» አሉ በመጨረሻ። «እንደ ታንኳ ከሆነች ይሁን።»

መኪና ያልኳችሁ የግራዝማች ንጉሤን ነው። ጣሊያን ጥሏት ከሄደ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እሳቸው ዘንድ የደረሰች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ክዳን የሌላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች አሮጊት። ግራዝማች አንድ ጊዜ ለቤተ ልሔም ንግሥ ይዘዋት ወጥተው፣ ቀኝ ሲሏት ግራ ሄዳ የሰው ገብስ ውስጥ ካስገባቻቸው ወዲህ ጎተራ ሥር ቆማለች።

«ውሰድ» አሉ ግራዝማች ነገሩን ሲሰሙ። «ልጅ ከምትሞት ዶሮዎቼ ሜዳ ላይ ይፈልፍሉ። ሞተሯ ደህና ነው። መሪዋ ግን አይሰማም፤ አንተ ትዞራለህ እንጂ እሷ አትዞርም። በዚያ ገደል እንዲሁ ይዘሃት ከወጣህ አስቀድመህ ንስሐ ግባ።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን ዶሮ ከነእንቁላሏ አንሥተን መኪናዋን ወደ ወፍጮ ቤት ገፋናት።

ከዚያ የሆነውን ዛሬ ባላስበው እወዳለሁ፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አባዬ ከመኪናዋ ሥር ይተኛል፤ እኔ መሪውን ይዤ ከላይ እቀመጣለሁ።

«ቀስ ብለሽ አዙሪ… ጎማው ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

«ጨምሪ።»

«ዝም… አሁን ሰማ!»

«ሩብ ዙር በከንቱ ይሄዳል ማለት ነው። በሩብ ዙር ሙሉ ሰው ገደል ይገባል።»

መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙት ብረቶች መጋጠሚያቸው ተበልቶ ነበር። ምትክ ከየት ይምጣ? አባዬ ግራዝማች ለተዝካርና ለሠርግ ያስተኮሱትን የጥይት ቀለሃ ለቀመ፤ እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እንደ ቀለበት አድርጎ በየመጋጠሚያው አስገባ። የፊት ባሌስትራዋ፣ ከጎማዋ በላይ የሚሸከማት ተነባባሪ ብረት፣ ደክሞ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስለነበር ከወዳደቀ የጭነት መኪና አንድ ቅጠል አምጥቶ ደረበላት። የፊት ጎማዎቿ ደግሞ እንደ ሸፋፋ ሰው እግር ወደ ውጭ ተከፍተዋል። ክር ከጎማ ጎማ ወጥሮ፣ በአንድ ዓይኑ እያነጣጠረ፣ ፊታቸው ትንሽ እስኪቀራረብ ድረስ እያላላ እያጠበቀ ዋለ። አንዱን ሲያቀና ሌላው ይጣመማል፤ እንደገና ይፈታዋል።

አስካለ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ «አባዬ፣ ይቺ እኮ ቁርጥ የኔን እጮኛ ናት» ትላለች። «ና ሲሉት የሚሄድ፣ ሂድ ሲሉት የሚመጣ። እሱንም በክር ለካልኝ።» እንስቃለን። ቀኑ ይመሻል። በማግስቱ ደግሞ ግራሶ አለቀ ይባላል፣ ብሎን ተሰበረ ይባላል። ሳምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በእግር የወጣ ሰው ደብረ ታቦር ደርሶ፣ አርፎ፣ ይመለስ ነበር። ይህን ያኔ ማንም አላለም።

ያለቀ ዕለት አስካለንና እኔን አንድ ወንበር ላይ አጨናንቆ ከከተማው በታች ባለው መስክ ላይ አዞረን። ጠባብ አድርጎ ዞረ፤ ሰማችው። በላሞቹ መካከል ተጠማዞ አለፈ፤ ሰማችው። ከዚያ እጄን ስቦ መሪው ላይ አኖረና፣ «ጥሩ መሪ ዝም አይልም። ጠጠሩም ሣሩም ሲያልፍ ለእጅሽ ይነግርሻል። ተሰማሽ?» አለኝ። ተሰማኝ። መሬቱ ከመዳፌ ሥር ይርመሰመስ ነበር። አባዬን እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ለመውጣት ስንዘጋጅ አስካለ እጇን በነጠላዋ እየፈተገች መጣች። «ከትናንት ጀምሮ ጠባሳዬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል» አለች። አባዬ ጠባሳዋን አንድ ጊዜ አየና ሞተሩን ማስነሣት ጀመረ። እማዬ መስቀሏን አውልቃ አስካለ አንገት ላይ አሰረች። አባዬ ነጂ፣ አስካለ ከጎኑ፤ አያቴና እኔ ከወንበሮቹ ኋላ ካለችው የዕቃ መጫኛ ላይ። አያቴ ለምን መጡ ብትሉ፣ ወንዝ ለወንዝ እግሯን የሚጠብቁ እሳቸው ናቸዋ!

ሜዳው ላይ እንዴት ያለ ጉዞ ነበር! ገበሬው ማጭዱን ጥሎ ያየናል። የመጀመሪያው ትልቅ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን አያቴ የአባዬን ትከሻ መቱት።

«ቁም! እንዲህ ጭነህ ነው የምትወርደው? ቁልቁለት ላይ ፊቷ የከበደ በቅሎ ትደፋለች። ጭነቱን ወደ ኋላ አድርገው!»

አባዬም የበቅሎ አገር ልጅ ነው። እኛ ስንወርድ ወደ ኋላ እንለጠጣለን፣ ኮርቻውን ከጅራቷ ሥር በሚያልፈው ወዴላ እንይዛለን፤ ከአባት የመጣ ነው። እውነት መሰለው። የቤንዚኑን ጀሪካንና የስንቁን ስልቻ ከፊት አንሥቶ ከኋላ አሰራቸው፤ አስካለንም ወደ እኛ አወጣት። ሦስታችን ተደራርበን መውረድ ጀመርን።

የመጀመሪያውን ጥምዝ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ስንቃረብ አባዬ ለራሱ፣ «ምነው ዝም አለች?» ሲል ሰማሁት። መሪውን አዞረ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። የበለጠ አዞረ፤ እጆቹ ተጠላለፉ፤ ጎማዎቹ ዞረው እያየኋቸው መኪናዋ ግን እንደ ዝናብ ውሃ ቁልቁል ትንሸራተታለች። ፍሬኑን ሲረግጠው ጠጠሩ ጮኸ፣ አቧራው ዋጠን፣ እማዬ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ቆመናል። አቧራው ሲገለጥ የግራው የፊት ጎማ አየር ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ከሥሩ መንገድ የለም። ከሥሩ ምንም የለም፤ ሩቅ ታች አሞራ ይዞራል።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አለ አባዬ በቀጭን ድምፅ። «ከኋላ አንድ ሰው ከወረደ ፊቷ ይወርዳል።»

መኪናዋ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አለች። አያቴ «እግዚኦ መሐረነ» ይላሉ፣ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይመጣል። አስካለ ክንዴን ጨብጣ በጆሮዬ፣ «የኔ ቀለም፣ እስከ ዛሬ የበላሽውን ሁሉ እግዜር ይባርከው፤ ዛሬ ክብደትሽ ያዘን» አለችኝ። ልስቅ ስል መኪናዋ ነቀነቀችኝና ሳቄን ዋጥኩት። አባዬ እንደ ድመት እየተሳበ፣ ወንበሩን ተሻግሮ፣ ወደ እኛ መጣ። አራታችን ተቃቅፈን ቀረን። ሰው አይመጣም። ፀሐይ ከጀርባችን ወደ አናታችን ወጣች። እንግዲህ እህቴን ልናድን የወጣነው እኛ፣ እሷን አቅፈን ገደል አፋፍ ላይ እንደ ዶሮ ተሰቅለናል።

በመጨረሻ አንድ ገበሬ ጥንድ በሬውን እየነዳ ብቅ አለ። ቆሞ አየን።

«እናንተዬ፣ ምን ትሠራላችሁ እዚያ ተቀምጣችሁ?»

«ወንድሜ፣ በፊት በኩል እንዳትመጣ!» አለ አባዬ። «በሬዎችህን ከኋላችን ጥመድልን!»

«ሣር አትበላም አሉ፣ ይቺ? ሆዷ ባዶ ሆኖ ምን ያሯሩጣታል?» አለና፣ እየተረበም እጁ ግን እየፈጠነ፣ ጠፍሩን ከቀንበሩ ወደ መኪናዋ ጅራት አሰረ። «ሣብ! ጎሽ! ሣብ!» በሬዎቹ ተንበረከኩ፣ ተነሡ፣ ጎተቱ። መኪናዋ አቃሰተች። ጎማው ድንጋዩን ነካ፤ ወጣ። ወርደን መሬት ላይ ተቀመጥን።

አባዬ ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማውን ዳሰሰ። ከዚያ፣ «አባባ፣ በቅሎ ፊቷን ራሷ ትጠብቃለች» አለ። «ይቺ ግን መንገዱን የምትይዘው በፊት ጎማዋ ነው። ሦስታችሁን ከኋላ ስሰቅል ፊቷን አነሣሁት፤ መሪው በባዶ ነበር የሚዞረው።»

«ያዘዝኩህ እኔ ነኝ» አሉ አያቴ።

«የነዳሁት እኔ ነኝ።»

አባዬ ተነሣ። ስልቻውንና ጀሪካኑን ከፊት መለሰ። አስካለ ወንበሯ ገባች። አልበቃውም። ወደ አያቴና ወደ እኔ አየ። «ከሞተሩ ኮፈን ግራና ቀኝ።»

«እኔን? በዚህ ሽበት አፍንጫዋ ላይ?»

«አባባ፣ ስለ አስካለ ይውጡልኝ።»

ወጡ! ፓራፋንጎ በሚሉት በአንዱ የፊት ጎማ መከለያ ላይ እኔ፣ በሌላው ላይ አያ ካሳ ጥምጥማቸው በነፋስ እየተፈታ፣ ከሥራችን ባዶ ስልቻ አንጥፈን፣ መብራቶቿን እንደ ኮርቻ አቅፈን ወረድን። ጥምዙ መጣ፤ መሪው ዞረ፤ አፍንጫዋ ተከተለ። ሌላው መጣ፤ ተከተለ። ከኋላዬ አባዬ፣ «አሁን ሰማች! አሁን ሰማች!» ሲል ይሰማኛል። አስካለ ትስቃለች፣ «አባባ፣ አንገትዎን ዝቅ! ዳኛ መስለው ሰው አስደነገጡ!» ትላለች። ጉና ከሩቅ ደመናውን ለብሶ ይታያል። በዚያች ሰዓት ምንም ክፉ ነገር በዓለም ላይ የቀረ አልመሰለኝም።

ወንዙ ጋ ደረስን። ጎድሎ ነበር፤ ጎማውን ግማሽ ቢያሰጥም ነው። አያቴ፣ «ልጄ፣ እግርሽን ወደ ላይ! ወደ ላይ አንሺ!» አሉ። አስካለ እግሯን ከመሪው ጎን ካለው ብረት ላይ ሰቀለች። አባዬ ገባበት። ውሃው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተነሣ፣ እኔና አያቴ ረጠብን፣ ጥቂት ፍንጣሪ ወደ ኋላ በረረ። አስካለ ጮኸች። ሳቅ መስሎኝ ዞር ስል አንገቷ ተገትሯል፣ አፏ እንደተከፈተ ቀርቷል።

ማዶ ስንደርስ አባዬ መኪናዋን አቆመ። ሞተሩ ግሎ ስለነበር በጣሳ ውሃ ቀዳ።

«ጠማኝ» አለች አስካለ። ወደ ራሷ ተመልሳ ነበር።

ጣሳውን ሰጣት። ወደ አፏ አስጠጋችው። ከንፈሯ ሳይነካው ጉሮሮዋ ዘለለ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እንደ ማፈር አለች። እንደገና ሞከረች። እንደገና አንገቷ ተገተረ፤ ጣሳውን ወረወረችው።

«ምን ሆንኩ?» አለች። «አባዬ፣ ጠምቶኝ እኮ ነው። ምን ሆንኩ?»

«ነካት!» አሉ አያቴ። «ፍንጣሪው ነካት! መድኃኒቱ ፈረሰ!» መሬት ላይ ተደፍተው በሁለት እጃቸው አፈር ጨበጡ።

አባዬ ጣሳውን አነሣ፤ ከዓይኗ ዞር ብሎ ከወንበሩ ሥር ደበቀው። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ አስካለን አለበሳትና፣ «ነፋሱ ነው ያፈነሽ» አላት። የድሬሰሩን ቃል የሰማነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ተያየን። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ።

«ወደ ቦታችሁ ውጡ» አለን።

የክምር ድንጋይን ከተማ አልፈን ደብረ ታቦር እስክንገባ ያለው መንገድ ነው የማልረሳው። መኪናዋ እንደዚያ ሆና አታውቅም። አባዬ ጉድጓዱን በጣት ስፋት ይሸሸዋል፤ ድንጋዩን በስንዝር ያልፈዋል፤ ሳታንገራግር፣ ሳታጓድል፣ ያላትን ሁሉ ትሰማዋለች። ስንቱን ቀን የለመንናት ነገር ሁሉ ተሰጠን። አባዬም በዚህ ሁሉ መካከል ድምፅ ሳያወጣ ያለቅስ ነበር። ዞሬ አይቼዋለሁ።

ሐኪም ቤት በደግነት ተቀበሉን። ሐኪሙ አባዬን ወደ በረንዳ ጠርቶ ነገረው፤ ትከሻውን ይዞ ነበር የሚነግረው። ክፍሉን አጨለሙላት፣ ከነፋስ ጋረዷት፣ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጧት። ስትነቃ አእምሮዋ እንደ ደህና ሰው ነው፤ ያ ነው የሚያስጨንቀው። አንድ ጊዜ አያቴን ጠራቻቸው።

«አባባ፣ ውሃ ነክቶኝ ነው አይደል?»

አያ ካሳ እግሯን ከብርድ ልብሱ ሥር በሁለት እጃቸው ያዙት። «አልነካሽም፣ ልጄ» አሏት። «እግርሽ ደረቅ ነው። እኔ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልቆየችም። ሞተች። ይህችን ቃል አሳምሬ ልጽፋት ብዙ ሞከርኩ፤ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። አታምርም።

አንባቢዎቼ፣ አሁን በቤታችን ሁለት እውነት ይኖራል። አያቴ እስከ ዛሬ ፍንጣሪው ነው የገደላት ይላሉ፤ ለነፍስ አባታቸውም እንዲሁ ብለው ተናዝዘዋል። አባዬ ግን የወፍጮውን ብሎን እያጠበቀ በመካከል እጁን ሲያቆም፣ ያን ሳምንት እያሰበው እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ አይጣሉም። ቢጣሉ ይሻለኝ ነበር። እኔ ድሬሰሩን ሄጄ፣ «የነገርከን ዕለት በእግራችን ወጥተን ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምናልባት» አለኝ። ከዚህ ቃል ጋር ነው የምኖረው። ማንም ልጃችንን አልተዋትም፤ ሁላችንም ሌሊትና ቀን ስለ እሷ ስንደክም ነበር። ስንደክም ጊዜው አለፈን።

እኔ ከዚያ ወዲህ ተለውጫለሁ፤ ሰው ግን አልወደደልኝም። ውሻ ነከሰ ሲባል ከሰማሁ ሳሙናና ውሃ ይዤ እደርሳለሁ፤ ቁስሉን እጠቡ፣ ዛሬውኑ ውጡ፣ ወንዙን ርገጡት እላለሁ። «ይቺ ልጅ እህቷን በልታ አሁን ደግሞ እኛን!» ያሉኝ አሉ። አንዲት እናት ግን የተነከሰ ልጇን አዝላ ተሻግራለች። እናንተም ያነበባችሁኝ፣ የሚበጅ መስሏችሁ ነገር እስኪስተካከል የምትጠብቁ ከሆነ፣ እባካችሁ በተበላሸው ሂዱ።

መኪናዋስ? አባዬ ለግራዝማች መልሷል። ባለፈው ገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጥሩንባ ተነፋ። ስወጣ ግራዝማች ንጉሤ ናቸው፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መሪውን በአንድ ጣት ይዘው፣ ፊታቸው በርቷል። መኪናዋን በሕዝቡ መካከል እንደ መርፌ አሳልፈው ነው የመጡት።

«ሞላ!» አሉ። «እጅህን እግዚአብሔር ይባርከው! ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ነው የመጣሁ፣ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ! እንደ ልጅ ነው የምትሰማኝ። እኔ ሳስብ እሷ ትዞራለች። እንዲህ ያለ መሪ ጎንደርም አስመራም የለም እያልኩ ለሰው ሁሉ…»

አባዬ ዱቄት እንደ ለበሰ በራፉ ላይ ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። «ደስ ይበልዎ፣ ግራዝማች» አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ወፍጮውን አስነሣው። ግራዝማች አሁንም ይናገራሉ፤ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ መሪውን መታ መታ ያደርጋሉ። ያሉትን ማናችንም አልሰማንም።